ከባንክ መስኮት እስከ ጄኔቫ፦ የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን ይዞ አቤት የሚባለው እንዴት ነው?

ዓይነ ስውር የሆነው ወንድሜ የቁጠባ ሒሳብ ሊከፍት ሲሄድ አብሬው ነበርሁ። ተራው ሲደርስ መታወቂያውን በገዛ እጁ ዘረጋ። የባንኩ ሠራተኛ ተቀበለችውና ፊቷን ወደ እኔ መልሳ «ምን ፈልጎ ነው?» አለችኝ። ወንድሜ ራሱ መለሰላት። «ምስክር ይዞ ካልመጣ አይቻልም» አለች፣ አሁንም እኔን እያየች። ግማሽ ሰዓት ያህል ተከራክረን ባዶ እጃችንን ተመለስን። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ የተከለከልንበትን ምክንያት በጽሑፍ ሳንቀበል መውጣታችን ነው። በኋላ ነገሩን ስከታተል እንደተረዳሁት፣ ጄኔቫ ድረስ የሚሄድ አቤቱታ እንኳ የሚጀምረው ከዚያች ወረቀት ነው።

መጀመሪያ ሕጉ የራስዎ መሆኑን ይወቁ

የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2006 ነው። ኢትዮጵያ ለፊርማ ክፍት በሆነበት ዕለት ፈርማ፣ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃዋለች። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9(4) ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። ስለዚህ አንድ ኃላፊ «ይሄ የውጭ ሕግ ነው» ቢልዎ የአዋጁን ቁጥር ይንገሩት።

ስምምነቱ 50 አንቀጾች አሉት፤ ሁሉንም ማጥናት አያስፈልግዎትም። ሕንፃ፣ ትራንስፖርት ወይም መረጃ ዝግ ከሆነብዎ አንቀጽ 9ን ያንብቡ። የትምህርት ጉዳይ በ24፣ የሥራ በ27፣ የፍርድ ቤት በ13፣ የምርጫ በ29 ይገኛል። አንቀጽ 12 በሕግ ፊት እንደ ማንኛውም ሰው የመዋዋልና የመወሰን መብትን ይደነግጋል፤ ንዑስ ቁጥር 5 ደግሞ ንብረት ማፍራትን፣ የገንዘብ ጉዳይን በራስ መምራትንና የባንክ ብድር ማግኘትን በስም ጠርቶ ይዘረዝራል። የወንድሜ ጉዳይ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን አንቀጽ 2ን በደንብ ያንብቡት። እዚያ ውስጥ «ተመጣጣኝ ማመቻቸት» የሚባል ሐሳብ አለ። አንድ ተቋም ከአቅሙ በላይ የሆነ ጫና እስካልተፈጠረበት ድረስ፣ ለአንድ ሰው የሚያስፈልገውን ማስተካከያ ማድረግ አለበት ማለት ነው። ተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀም ሰው ስብሰባውን ከሦስተኛ ፎቅ ወደ ምድር ቤት ማውረድ፣ መስማት ለተሳናት አመልካች የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ማቅረብ፣ ለዓይነ ስውር ደንበኛ ቅጹን ጮክ ብሎ ማንበብ ሁሉም ማመቻቸት ነው። ይህን መከልከል ራሱ መድልዎ እንደሆነ ስምምነቱ በግልጽ ያስቀምጣል። በየቢሮው «ይተባበሩኝ» እያሉ ለሚዞሩ ወገኖቼ ይህች አንቀጽ በብሬይልም በድምፅም ብትደርሳቸው ምንኛ በወደድሁ።

ጥያቄዎን በጽሑፍ ያድርጉት

የሚፈልጉትን ነገር ለይተው ይጻፉ። «ችግሬን ተረዱልኝ» የሚል ደብዳቤ አዘኔታ ያስገኝ ይሆናል፤ ተቋሙን ግን ለምንም አያስገድደውም። የወንድሜን ጉዳይ ዛሬ ብንጽፈው እንዲህ ይሆናል፦

«ጥር 12 ቀን ጠዋት በቅርንጫፋችሁ ሒሳብ ለመክፈት ስጠይቅ፣ ዓይነ ስውር በመሆኔ ምስክር እንዳመጣ ተነግሮኛል። መታወቂያዬን አቅርቤ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 676/2002 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 12(5) የገንዘብ ጉዳዬን በራሴ የመምራት መብት ይሰጠኛል። ስለሆነም ቅጹ ተነቦልኝ ሒሳቡ በስሜ እንዲከፈት፣ የማይቻል ከሆነም ምክንያቱና የተመሠረተበት የሕግ አንቀጽ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አይተዉት። ክልከላው ከልማድ የመጣ ከሆነ፣ አንቀጽ ጥቀስ ሲባል የሚጠቀስ አይገኝም። በባንኩ ጉዳይ ቢጠቀስ እንኳ የሚጠቀሰው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1728(3) ነው። እሱ የሚለው የዓይነ ስውር ፊርማ በሰነድ አረጋጋጭ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ ፈራሚውን አያስገድደውም ነው። ሊጠብቅ ታስቦ የተጻፈ አንቀጽ ሰውን ከገንዘቡ መለየቱ ያሳዝነኛል፤ ቢሆንም «ከመንገድ ምስክር ይዘህ ና» የሚል ቃል በውስጡ የለም።

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ያዘጋጁ። አንዱን ለመዝገብ ቤት ሰጥተው በሌላው ላይ ማኅተም፣ ቀንና ቁጥር ያስደርጉበት። አንቀበልም ካሉ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ያነጋገረዎትን ሰው የሥራ መደብ መዝግበው ደብዳቤውን በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ ይላኩት። ሌላ ሰው ከጻፈልዎ ሳይፈርሙ በፊት ከላይ እስከ ታች ያስነብቡት፤ ያላሉት ነገር ከገባ ያስወጡት። አጃቢ ሆነው ለሚሄዱም አንድ ልመና አለኝ፦ ጥያቄው ወደ እናንተ ሲመጣ አትመልሱ፤ «እሱን ጠይቁት» በሉ።

ለማን አቤት ይላሉ?

በመጀመሪያ ለዚያው ተቋም የበላይ ኃላፊ ነው። መልስ ካላገኙ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አለ። በማቋቋሚያ አዋጁ ቁጥር 210/1992 መሠረት አቤቱታ በቃልም በጽሑፍም ይቀበላል፤ ክፍያ አይጠይቅም። ባለጉዳዩ ባይችል የትዳር ጓደኛ፣ ቤተሰብ ወይም ሦስተኛ ወገን ሊያቀርብለት ይችላል። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ኮሚሽኑ በፍርድ ቤት የተያዘን ጉዳይ አይመረምርም። ስለዚህ የትኛውን በር አስቀድመው እንደሚያንኳኩ ከሕግ ባለሙያ ጋር ይመካከሩ። የበደለዎ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ለእንባ ጠባቂ ተቋምም ማመልከት ይቻላል።

የሥራ ጉዳይ ከሆነ ግን የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተውን አዋጅ ቁጥር 568/2000 ሳይይዙ ፍርድ ቤት አይሂዱ። በቅጥር፣ በዕድገት ወይም በዝውውር በአካል ጉዳቴ ምክንያት ተበድያለሁ የሚል ሰው ክስ ሲመሠርት የማስረዳት ሸክም የለበትም። መድልዎ አለመፈጸሙን ማስረዳት ያለበት አሠሪው ነው። ከሳሽ የአሠሪውን የውስጥ ሰነድ ከየት ያመጣል? ሕግ አውጪው ይህን በማሰቡ አመሰግነዋለሁ።

ከአገር ውጭ የሚወስደው መንገድ

ጄኔቫ ውስጥ 18 ባለሙያዎች ያሉት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮሚቴ አለ። የግለሰብ አቤቱታ የሚያየው የስምምነቱን ተጨማሪ ፕሮቶኮል በተቀበሉ አገሮች ላይ ብቻ ነው፤ ኢትዮጵያ ፕሮቶኮሉን አላጸደቀችም። ጀርመን፣ ስዊድን፣ ጣሊያን ወይም ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ የሚኖር ሐበሻ ግን በሚኖርበት አገር ላይ ማመልከት ይችላል፤ እነዚህ አገሮች ተቀብለውታል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 ስምምነቱን ብትፈርምም አላጸደቀችውም፤ እዚያ ያለ ሰው የሚይዘው እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣውን የአገሪቱን የአካል ጉዳተኞች ሕግ ነው።

ኮሚቴው ካያቸው ጉዳዮች አንዱ ከወንድሜ ታሪክ ጋር ይቀራረባል። ማየት የተሳናቸው ሁለት የሃንጋሪ ዜጎች የባንክ ካርድ ነበራቸው፤ እንደ ሌላው ደንበኛ እየከፈሉ በገንዘብ መክፈያ ማሽኖቹ ግን ያለ ሰው እርዳታ መጠቀም አልቻሉም። በአገራቸው ፍርድ ቤቶች ተከራክረው ሙሉ መፍትሔ ሲያጡ ወደ ኮሚቴው ሄዱ። ኮሚቴው እ.ኤ.አ. በ2013 ሃንጋሪ አንቀጽ 9ን እንደጣሰች ወሰነ። ባንኩ የግል ቢሆንም ተጠያቂዋ አገሪቱ ሆነች።

ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሰው ክፍት የሆነው መንገድ ባንጁል፣ ጋምቢያ የሚገኘው የአፍሪካ የሰዎችና ሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ነው። አገራችን የአፍሪካን ቻርተር በ1990 ዓ.ም. ተቀብላለች፤ አንቀጽ 18(4) ለአካል ጉዳተኞች ልዩ ጥበቃ ይሰጣል። አቤቱታው ተቀባይነት እንዲያገኝ የአገር ውስጥ መፍትሔዎችን አሟጥጦ መጨረስ፣ ከዚያም ሳይዘገዩ ማቅረብ ያስፈልጋል፤ የአመልካቹ ማንነት መገለጽ አለበት፣ የስድብ ቃልም ሊኖርበት አይገባም። መንገዱ ረጅም ነው። መሟጠጡ የሚታየው ደግሞ ማኅተም ባረፈባቸው ቅጂዎችዎ ነው።

ጉዳይዎ እስከዚያ ባይደርስም የሰነዶቹን ቅጂ እንደ ኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር ላሉ የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት ይስጡ። የጄኔቫው ኮሚቴ የአገሮችን ሪፖርት በየጊዜው ይመረምራል፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀርባለች። ከመንግሥት ሪፖርት ጎን ማኅበራት የራሳቸውን ማቅረብ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ በእጃቸው ቀን፣ ቁጥርና ማኅተም ያለው ደብዳቤ ይኑራቸው።