ኪላዌያን ለማየት ከንጋት በፊት ውጡ

የሃዋይ እሳተ ገሞራዎች ብሔራዊ ፓርክን ልታዩ ቮልኬኖ መንደር ካደራችሁ፣ የኪላዌያ እሳተ ገሞራን ፍም ለማየት ማታ አትጋፉ። ጀምበር ስትጠልቅ ሁሉም ሰው ስለሚመጣ መኪና ማቆሚያው ይሞላል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ተነሱ። ፓርኩ 24 ሰዓት ክፍት ነው፤ ከመንደሩም በመኪና የደቂቃዎች መንገድ ነው። በጨለማው በእሳተ ገሞራው ጉድጓድ ውስጥ የላቫውን፣ ማለትም የቀለጠውን ድንጋይ፣ ቅላት ታያላችሁ። ሲነጋ ደግሞ ያው ጉድጓድ ሙሉ ስፋቱን ይገልጥላችኋል። አንድ ጉዞ፣ ሁለት እይታ! ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ሰዓት የለም።

ከአልጋ ከመውረዳችሁ በፊት ግን የአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ጉድጓዱ ላይ የተከላቸውን ካሜራዎች በስልካችሁ ክፈቱ። በነፃ ነው። እሳተ ገሞራው ፈንድቶ ለቀናት ዝም ሊል ይችላል፣ ጉምም ይሸፍነዋል። ስክሪኑ ላይ ቅላት ከሌለ ተመልሳችሁ ተኙ።

ወፍራም ጃኬት ያዙ። ቦታው 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ባሕር ዳርቻው ሲሞቅ እዚህ ይበርዳል፣ ይዘንባል።

አስም ወይም የልብ ሕመም ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት የያዛችሁ፣ ነፋሱ የድኝ ጭሱን ወደ መመልከቻው በሚያመጣበት ቀን ይቅርባችሁ።