ያረጀ ጌም በሞድ ነፍስ ሲዘራ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ጠባብ የጌም ቤት አለኝ። ኮምፒውተሮቼ ከቢሮ የወጡ አሮጌ ዴስክቶፖች ናቸው። ዘንድሮ የወጣ ጌም አይሸከሙም። እንዲያም ሆኖ ተማሪ ከሚለቀቅበት ሰዓት ጀምሮ ባዶ ወንበር አይገኝም። ልጆቹን የሚያመጣቸው ሞድ ነው።

ሞድ ማለት ተጫዋቾች ራሳቸው ሠርተው ጌም ላይ የሚጨምሩት ነገር ነው። አዲስ ማሊያ፣ አዲስ መኪና፣ አዲስ ካርታ ሊሆን ይችላል። ካምፓኒው ሳያስተካክል የተወውን ስህተት የሚጠግንም አለ። አብዛኛው በነፃ ይገኛል። በእኔ እምነት ለእኛ አገር ተጫዋች ከአዲስ ጌም የበለጠ የሚጠቅመው ይሄ ነው። እጃችን ላይ ያለውን ጌም፣ እጃችን ላይ ባለው ኮምፒውተር ያሻሽልልናል።

ሞድን እንደ ተራ ነገር የሚያይ ሰው ሲገጥመኝ ካውንተር ስትራይክን እጠቅስለታለሁ። በ1998 የወጣ ሃፍ ላይፍ የሚባል ጌም ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ሚን ሊ እና ጄስ ክሊፍ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች በ1999 ለሱ ሞድ ሠሩ። ያ ሞድ ካውንተር ስትራይክ ነው። የሃፍ ላይፍ ባለቤት ቫልቭ ገዛውና በ2000 ራሱን የቻለ ጌም አድርጎ አወጣው። ዶታ የሚባለው ጌምም የተወለደው ከዋርክራፍት 3 ሞድ ነው። ልጆቹ ስልካቸው ላይ የማይጠግቡት ፐብጂም ቢሆን፣ መነሻው ብሬንዳን ግሪን አርማ ለሚባል ጌም የሠራው ሞድ ነው።

በሉ ወደ ሥራው እንግባ።

ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት የጌሙን ፎልደር ሙሉ በሙሉ ኮፒ አድርጉ። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ካላችሁ እዚያ፣ ከሌላችሁ እዚያው ኮምፒውተር ላይ በሌላ ስም። ሴቭ ፋይሎችንም አትርሱ። ብዙ ጊዜ ከጌሙ ፎልደር ውጭ፣ ዶክመንትስ ውስጥ ነው የሚቀመጡት። እኛ ሰፈር መብራት ሳያስጠነቅቅ ነው የሚሄደው። ፋይል ኮፒ እየተደረገ መብራት ከሄደ ፋይሉ ተበላሽቶ ሊቀር ይችላል፤ ጌሙም አልከፍት ይላል። ንጹህ ኮፒ ያለው ሰው ግን ያንኑ መልሶ ይጠቀማል።

ከጂቲኤ ሳን አንድሪያስ እንጀምር። እኔ ጋ ከሚመጡት ልጆች የማያውቀው የለም። ለኮምፒውተር የወጣው በ2005 ስለሆነ ደካማ ማሽንም ይችለዋል። መጀመሪያ ማየት ያለባችሁ የጌሙን ቨርዥን ነው። አብዛኞቹ ሞዶች የተሠሩት ለቨርዥን 1.0 ነው። ስቲም በሚባለው የኦንላይን ጌም መሸጫ ላይ ይሸጥ የነበረው ከዚያ ይለያል፤ ስለዚህ ወደ 1.0 የሚመልስ ፓች (ማስተካከያ ፋይል) ይፈልጋል። ሞድ ጭነው ጌሙ ሲዘጋባቸው ሞዱን የሚረግሙ ብዙ ናቸው። እኔ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ቨርዥኑን ነው።

ቀጥሎ ቅደም ተከተሉ። መጀመሪያ ኤኤስአይ ሎደር፣ ከዚያ ሳይለንትፓች፣ ከዚያ ክሊዮ፣ መጨረሻ ላይ ሞድ ሎደር። ኤኤስአይ ሎደር ለሌሎቹ በር ከፋች ነው። ክሊዮ ተጫዋቾች የጻፏቸውን ስክሪፕቶች ያስነሳል። ሳይለንትፓች ደግሞ ጌሙ ይዟቸው የወጣውን ስህተቶች ይጠግናል።

ሳይለንትፓች ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ይገባዋል። የሚሠራው ሳይለንት በሚል ስም የሚታወቅ ፕሮግራመር ነው። ዊንዶውስ 11 ከታደሰ በኋላ ስኪመር የምትባለው፣ ውሃ ላይ የምታርፈው አውሮፕላን ከጌሙ ጠፋች። በሌላ መንገድ አስነስቶ የገባባት ተጫዋች ደግሞ ሽቅብ ሰማይ ላይ ይወረወራል። ሰው ዊንዶውስን ጠረጠረ። ሳይለንት ሲመረምረው ግን ችግሩ ከመጀመሪያውም ጌሙ ውስጥ የነበረ ሆኖ ተገኘ። የተሽከርካሪዎቹ ዝርዝር ያለበት ፋይል ላይ ስኪመር የጎማ መጠን ቁጥሮች አልተጻፉላትም። ጌሙ ቁጥሮቹን ሲያጣ ሜሞሪ ላይ ከቀደመው ተሽከርካሪ የተረፈውን እያነሳ ለ20 ዓመት ገደማ ሠራ። አዲሱ ዊንዶውስ ያንን የሜሞሪ ቦታ ለሌላ ነገር ሲጠቀምበት የተረፈው ቁጥር ጠፋ፤ ጉድለቱም ታየ። ሳይለንት በ2025 ምክንያቱን ዘርዝሮ ጻፈው፤ ሳይለንትፓች ውስጥም አስተካከለው። ይሄ ልጅ ጌሙን የሸጠው ካምፓኒ ሠራተኛ አይደለም፤ ጌሙን የሚወድ ሰው ነው። ሞድን የማከብረው ለዚህ ነው።

ሞድ ሎደር የሚለውን ስም በደንብ ያዙት። ሲጫን ጌሙ ውስጥ የራሱ ፎልደር ይኖረዋል። እያንዳንዱን ሞድ በየፎልደሩ አድርጋችሁ እዚያ ውስጥ ታስቀምጣላችሁ። ኦሪጅናሉ ፋይል አይነካም። ሞዱን ካልወደዳችሁት ፎልደሩን ማውጣት ነው፤ አለቀ።

ሌላው፣ አትቸኩሉ። አንድ ሞድ ጫኑ፣ ጌሙን ክፈቱ፣ መኪና ይዛችሁ ከተማውን ዙሩ፣ ሴቭ አድርጉ፣ ዝጉ። ሁለተኛው ከዚያ በኋላ ይምጣ። ብዙ ሞድ ያለበት ጌም ክራሽ ካደረገ ደግሞ ግማሾቹን አውጥታችሁ ሞክሩ። ከሠራ ችግሩ ከወጡት ውስጥ ነው፤ ካልሠራ ከቀሩት። እንደገና ግማሽ እያደረጋችሁ ስትቀጥሉ አጥፊው ቶሎ ይገኛል። ሴቲንግ ውስጥ ያለውን ፍሬም ሊሚተርም (የምስሉን ፍጥነት የሚገድበውን) አታጥፉት። ሲጠፋ መኪናውም፣ ውሃ ውስጥ መዋኘቱም እንግዳ ጠባይ ያመጣል።

አሁን ወደ ኳስ ጌሙ፣ ፔስ 2017። ሱቄን ያቆመው እሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። የጌሙ ሠሪ ኮናሚ የፕሪሚየር ሊግ ፈቃድ ስላልነበረው፣ አርሰናልና ሊቨርፑል በራሳቸው ስም ሲገቡ ማንቼ "ማን ሬድ"፣ ቼልሲ "ለንደን ኤፍሲ" ተብለው ገቡ። ማሊያቸውም ሌላ ነው። አዲስ የመጣ ልጅ ሁሉ ዝርዝሩን ወደላይ ወደታች ይልና "እትዬ፣ ማንቼ የለም እንዴ?" ይለኛል። ይሄንን የሚፈታው ኦፕሽን ፋይል ነው። ተጫዋቾች ስሞቹን፣ ሎጎዎቹን፣ ማሊያዎቹን አስተካክለው የሚያጋሩት ፋይል ማለት ነው።

አጫጫኑ ቀላል ነው። ጌሙን ዝጉ። ዶክመንትስ፣ ከዚያ ኮናሚ፣ ከዚያ የጌሙ ስም፣ ከዚያ ሴቭ የሚለውን ክፈቱ። ኤዲት ብሎ ዜሮዎች የሚከተሉት ፋይል ታገኛላችሁ። እሱን ሌላ ቦታ አስቀምጡና በምትኩ የወረደውን አስገቡ። እዚያው ያሉትን ሌሎች የሴቭ ፋይሎች አትንኩ፤ የማስተር ሊግ ጉዟችሁ ያለው እነሱ ውስጥ ነው። ኦፕሽን ፋይሉ የተሠራበት የዴታ ፓክ (ካምፓኒው ያወጣው ማሻሻያ) ቨርዥን ከናንተው ጋር መግጠሙንም እዩ። ካልገጠመ ተጫዋች ያለቡድኑ ይገኛል።

ስታዲየምና የተጫዋች ፊት ሳይቀር የሚቀይር ትልቅ ፓች ከፈለጋችሁ ሥራው ትንሽ ይጨምራል። እነዚህ ሲፒኬ በሚባሉ ፋይሎች ነው የሚመጡት። ጌሙ ውስጥ ዳውንሎድ የሚለው ፎልደር ላይ ይቀመጣሉ። ጌሙ ግን ስማቸው ዲፒ ፋይል ሊስት ላይ ካልተመዘገበ አያያቸውም። መዝጋቢ ፕሮግራም አለ፤ የምትፈልጉትን ሲፒኬ መርጣችሁ ዝርዝሩን ያወጣላችኋል። "ፓች ጫንኩ፣ ምንም አልተቀየረም" የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ይሄንን ዝርዝር ነው።

እኔን የሚያስደስተኝ ግን ከሌላ ሰው የወረደው አይደለም። ጌሙ ራሱ ኤዲት የሚል ክፍል አለው። የማንም ደጋፊ የሌለውን ቡድን ትመርጣላችሁ፣ ስሙን ትቀይራላችሁ፣ ማሊያውን ትቀባላችሁ፣ ተጫዋቾቹን አንድ በአንድ ትጽፋላችሁ። ልጆቹ ኢትዮጵያ ቡናን በቡናማና ቢጫ ሠርተውታል። ቅዱስ ጊዮርጊስንም በራሱ ቀለም። የተጫዋቾቹ ፍጥነት ስንት ይሁን፣ ሹቱ ስንት ይሁን በሚለው የነበረውን ክርክር ብታዩት! የቡና ደጋፊ ለጊዮርጊስ በረኛ ነጥብ መስጠት ይከብደዋል። መጨረሻ ላይ ሁለቱ ወገኖች አንድ ላይ ተቀምጠው ተስማሙ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የቡናና የጊዮርጊስ ጨዋታ አለን። የጌሙ ፊደል ላቲን ስለሆነ ስሞቹን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምትጽፉት። ሲያልቅ ያንኑ ኤዲት ፋይል በፍላሽ ወስዳችሁ ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ላይ ማድረግ ነው።

እኛ ሰፈር የአዳማው ፍጥነት መንገድ መግቢያ ስለሆነ ሹፌሮችም ይመጣሉ። ለነሱ ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2 የሚባል የከባድ መኪና መንዳት ጌም አለ። እዚያ ሞድ መጫን ከሁሉም ይቀላል። ዶክመንትስ ውስጥ ባለው የጌሙ ፎልደር፣ ሞድ የሚለው ውስጥ ፋይሉን ማስቀመጥ፣ ከዚያ ጌሙ ውስጥ ካለው ሞድ ማኔጀር ማብራት ነው። ካርታዎች ሲበዙ የመደራረብ ተራቸው ወሳኝ ነው፤ የካርታው ሠሪ የጻፈውን ተራ ተከተሉ። ማይንክራፍት ጃቫ ለሚንቀረፈፍባችሁ ደግሞ ሞዶችን የሚያስነሳውን ፋብሪክን ጭናችሁ ሶዲየም የሚባለውን ሞድ ጨምሩ። የጌሙ፣ የፋብሪክና የሶዲየም ቨርዥን ይግጠም እንጂ ደካማ ኮምፒውተር ላይ ለውጡ ወዲያው ይታያል።

ከየት ይወርዳል? ኔክሰስ ሞድስና ሞድዲቢ የሚባሉት ድረ ገጾች ሰፊዎቹ ናቸው። ከቻላችሁ ከሠሪው ከራሱ ገጽ አውርዱ። ኦፕሽን ፋይል ትንሽ ነው። ትልልቆቹ ፓቾች ግን ጊጋ ይበላሉ፤ የሌሊት ፓኬጅ ገዝታችሁ፣ ሲቋረጥ ካቆመበት በሚቀጥል ዳውንሎድ ማኔጀር አውርዱ። ማሊያና ቀለም ብቻ የሚቀይር ሞድ ኢንስቶለር አያስፈልገውም። እንዲህ ያለው ሞድ ኢኤክስኢ (ሲከፈት የሚሠራ ፕሮግራም) ሆኖ ከመጣ፣ ወይም አንቲቫይረስ አጥፉ ካላችሁ ተዉት። ኤኤስአይና ዲኤልኤል ፋይሎችም ኮምፒውተራችሁ ላይ እንደማንኛውም ፕሮግራም የሚሠሩ ናቸው። ስለዚህ ቫይረስቶታል በሚባለው ፋይል መመርመሪያ ድረ ገጽ ላይ ሳታስመረምሩ አትክፈቷቸው።

ኦንላይን ለሚጫወቱ ምክሬ አጭር ነው፤ ሞድ ያለበትን ጌም ይዛችሁ ኦንላይን አትግቡ። የቫልቭ ቫክን የመሰሉ፣ ማጭበርበርን የሚከላከሉ ጥበቃዎች የተነካካ ፋይል ካገኙ አካውንት ሊያግዱ ይችላሉ። እኔ ንጹሁን ኮፒ ለኦንላይን፣ ሞድ ያለበትን ለብቻ ጨዋታ ለይቼ አስቀምጣለሁ።

ራሳችሁ ሞድ መሥራት ከፈለጋችሁ ከታክሲ ጀምሩ። ሳን አንድሪያስ ውስጥ፣ ዴታ የሚለው ፎልደር ላይ ካርኮልስ የሚባል ፋይል አለ። በኖትፓድ ይከፈታል። ከላይ የቀለሞች ዝርዝር አለ፤ እያንዳንዱ ቀለም በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ መጠን ነው የተጻፈው። ዝቅ ስትሉ የመኪኖቹ ስም ከነቀለም ቁጥራቸው አለ። ፋይሉን ኮፒ አድርጉና ሞድ ሎደር ውስጥ በአዲስ ፎልደር አስቀምጡ። ከዚያ ኮፒው ውስጥ፣ ታክሲ በሚለው መስመር ላይ የቢጫውን ቁጥር በሰማያዊ ቁጥር ቀይሩ። ጌሙን ስትከፍቱ ታክሲዎቹ እንደ ድሮዎቹ ላዳዎቻችን ሰማያዊ ሆነው ይመጣሉ። ኮድ የሚባል ነገር አይቶ የማያውቅ ልጅ ይሄንን ሠርቶ ሲያይ ከወንበሩ ይነሳል።

ከዚያ የሚቀጥለው ሥዕሉን መቀየር ነው። የመኪናው ሥዕል ያለው ቲኤክስዲ በሚባል ፋይል ውስጥ ነው። ማጂክ ቲኤክስዲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ከፍታችሁ ሥዕሉን ታወጣላችሁ፣ በፈለጋችሁት የሥዕል ፕሮግራም ትቀቡታላችሁ፣ መልሳችሁ ታስገባላችሁ። የፋይሉን ስም አትቀይሩ። እዚህ ጋ የፊደል ችግር የለም፤ ሥዕል ስለሆነ አማርኛ እንደልብ ይጻፋል። ሚኒባስ የምትመስል ቫን መርጣችሁ ታቹን ሰማያዊ፣ ላዩን ነጭ ቀብታችሁ ከኋላዋ የታክሲ ጥቅስ መጻፍ ትችላላችሁ። የኛዎቹ ልጆች ጥቅስ መምረጡ ላይ ከቅቡ የበለጠ ጊዜ ወስደዋል።

የሠራችሁትን ለሌላ ሰው ስትሰጡ አብራችሁ አጭር የጽሑፍ ፋይል ጨምሩ፣ በአማርኛ። ለየትኛው ቨርዥን እንደተሠራ፣ የትኛው ፎልደር ውስጥ እንደሚገባ፣ ምን ቀድሞ መጫን እንዳለበት፣ እንዴት እንደሚወጣ ይኑርበት። ስማችሁንም ጻፉ፤ ከሌላ ሰው ሞድ የወሰዳችሁት ነገር ካለ አስፈቅዳችሁ የዚያንም ሰው ስም ጨምሩ።