ካሴቱ ደህና፣ ዲቪዲው ጭቃ፦ የቤት ቪዲዮ ስንገለብጥ ምስሉ ለምን ይበላሻል?

የእህቴን የሠርግ ካሴቶች ወደ ዲቪዲ የገለበጥኩ ሰሞን ዘመድ ሰብስቤ ነበር። ደሴ፣ ሐምሌ ወር፣ የጦሳ ተራራ ጉሙን ለብሷል፣ ቤት ውስጥ ቡና ተፈልቷል። ዲስኩ ገባ። ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ ፊቷ የዳማ ሰሌዳ መሰለ። እስክስታው ሲጀመርማ ማን ማን እንደሆነ መለየት አቃተን። አክስቴ «ምነው ልጄ፣ ካሴቱን አይጥ በላው እንዴ?» አለችኝ።

ካሴቱ ምንም አልሆነም። ስድስት ሰዓት ቪዲዮ አንድ ዲስክ ላይ የጠቀጠቅኩት እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ ምስል ሲበላሽ መጀመሪያ የምጠይቀው «የት ጀመረ?» ብዬ ነው። ቪዲዮው አራት ቦታ ያልፋል፦ ካሴቱ፣ ወደ ኮምፒውተር የገባው ፋይል፣ ለዲስክ የተጨመቀው ፋይል፣ ዲስኩ። ከዲስኩ ተነስታችሁ ወደ ካሴቱ እየተመለሳችሁ ያንኑ ደቂቃ በየቦታው ክፈቱት። ጥፋቱ ካሴቱን የሚያጫውተው ካሜራ ስክሪን ላይም ካለ ኮምፒውተሩን አትነካኩ። ካሜራው ላይ ጠርቶ ዲስኩ ላይ ከደፈረሰ ደግሞ ካሜራውን አትፍቱ።

ምስሉ ካሬ ካሬ እየሆነ ሲቆራረጥ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች አንድ መልክ አላቸው።

ካሬዎቹ ሰው ሲንቀሳቀስ፣ ጨለማ ሲበዛ ወይም የዕጣን ጭስ ሲነሳ ብቻ የሚመጡ ከሆነ ችግሩ መጨመቁ ነው፤ ማለትም ቪዲዮው ዲስኩ ላይ እንዲበቃ መረጃው መቀነሱ። ጭስ ለኮምፒውተር ከባድ ነገር ነው። ቅርጽ የለውም፣ በየሰከንዱ ይለዋወጣል። የቡና ሥነ ሥርዓት ያለበት ቪዲዮ ሁሉ የሚፈተነው እዚያ ላይ ነው።

ሒሳቡን እንየው። ተራ ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል። አንድ ሰዓት ብቻ ብትጭኑበት ለምስሉ በሰከንድ 8 ሜጋቢት (የመረጃ መጠን መለኪያ ነው) መስጠት ትችላላችሁ፤ በጣም ጥሩ ነው። ለሁለት ሰዓት ወደ 5 ይወርዳል፣ አሁንም ያምራል። ሦስት ሰዓት ላይ 3 ተኩል አይሞላም፣ መደብዘዝ ይጀምራል። የእኔ ስድስት ሰዓት 1 ተኩል ገደማ ደርሶት ነበር። የድሮው ቪሲዲ በ1.15 ይሠራ ነበር፤ ግን የቪሲዲ ምስል የዲቪዲን ሩብ ነው የሚያክለው። ለአንድ ሰው የተቆረጠ ጋቢ ለአራት ሰው እንደማልበስ ነው።

መፍትሄው፦ ለአንድ ዲስክ ከሁለት ሰዓት አትለፉ። ባዶ ዲስክ ከካሴቱ አይወደድም። የመጭመቂያው ፕሮግራም ሁለት ጊዜ የሚያልፍበት ምርጫ ካለው እሱን ምረጡ። መጀመሪያ አይቶ፣ ከባዱ ቦታ ላይ ብዙ፣ ቀላሉ ላይ ጥቂት ያካፍላል። ድምፁንም ተመልከቱ። ያልተጨመቀ ድምፅ ብቻውን በሰከንድ 1.5 ሜጋቢት ይበላል፤ ዶልቢ ወደሚባለው የተጨመቀ ድምፅ ስትቀይሩት 0.2 ገደማ ይበቃዋል። የተረፈው ለምስሉ ይሆናል።

ካሬዎቹ ካሜራው ራሱ ሲያጫውትም ካሉ፣ በተለይ በአግድም መስመር እየሆኑ ከመጡ፣ ካሴቱን የሚያነበው ሄድ ቆሽሿል። ይህ ሚኒ ዲቪ በሚባሉት ትንንሽ ዲጂታል የካሜራ ካሴቶች ላይ የተለመደ ነው። በቪኤችኤስ ዴክ (የትልቁ የድሮ ካሴት ማጫወቻ) ላይ ደግሞ ካሬ ሳይሆን በረዶ የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ ነው የሚያሳየው። ደረቅ የሄድ ማጽጃ ካሴት ካገኛችሁ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ አጫውቱት። ደጋግሞ ማጫወት ሄዱን ይሞርደዋል። ጥጥ በእንጨት ጠቅልሎ ውስጡን መጎርጎር ግን ይቅርባችሁ። የጥጡ ክር ሄዱ ላይ ሲጠመጠም ነገሩ ያበቃል።

ሄዱ ጸድቶም ካልተሻለ፣ ካሴቱ በኤልፒ፣ ማለትም ረጅም ሰዓት እንዲይዝ በሚያደርገው የመቅጃ ምርጫ፣ የተቀዳ እንደሆነ እዩ። የ60 ደቂቃ ሚኒ ዲቪ ካሴት በኤልፒ 90 ደቂቃ ይይዛል፤ ነገር ግን ምስሉ የሚጻፍበት መስመር ስለሚጠብ ብዙ ጊዜ በደንብ የሚነበበው በቀዳው ካሜራ ላይ ነው። የካሜራው ባለቤት ከተማ ውስጥ ካለ ሄዳችሁ ለምኑት።

ሐረጎን የወረደ ካሜራ

ይህን የእኛ አገር ሰው በደንብ ያውቀዋል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ከ1,900 በታች። በጠዋት ብርድ ካሜራውን ይዛችሁ በሁለቱ መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ወዲያው ብትከፍቱት ጤዛ ውስጡ ይይዛል። የካሴቱ ፊልም ሄዱን የያዘው የሚሽከረከር ከበሮ ሲረጥብ እሱ ላይ ይለጠፋል። ዕድለኛ ከሆናችሁ ካሜራው የጤዛ ምልክት አሳይቶ እምቢ ይላል። ካልሆናችሁ ካሴቱን ያኝከዋል። ደሴም ውስጥ ቢሆን ከብርድ መጥቶ እንፋሎት ወደሞላው ቤት የገባ ካሜራ ያው ነው።

መፍትሄው ቀላል ነው። ከመንገድ በፊት ካሜራውንም ካሴቱንም ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ አፉን እሰሩት፤ ስትደርሱ እንደታሰረ አንድ ሁለት ሰዓት ይቆይ። ጤዛው ፌስታሉ ላይ ይቀራል። እስከዚያ ቡና ይጠጣል።

ጠርዙ የሚዶ ጥርስ ሲያወጣ

ኮምፒውተር ላይ ስታዩት የሚወዛወዝ እጅ ጠርዙ እንደ ሚዶ ይሰነጠቃል። አትደንግጡ፣ ብልሽት አይደለም። ፓል የሚባለው የእኛ የቴሌቪዥን ሥርዓት በሰከንድ 25 ምስል ያሳያል፤ እያንዳንዱ ምስል ደግሞ ሁለት ግማሽ ነው፣ አንዱ ጎዶሎ መስመሮችን፣ ሌላው ሙሉዎቹን የያዘ። ኮምፒውተሩ ሁለቱን ባንድ ላይ ስለሚያሳይ ነው ጥርሱ የሚወጣው። ለቴሌቪዥን የሚሆን ዲስክ ከሆነ እንዳለ ተዉት፣ ቴሌቪዥኑ ያስተካክለዋል። ለቴሌግራም ወይም ለስልክ ከሆነ ዲኢንተርሌስ የሚለውን አብሩና ውጤቱን በሰከንድ 50 ምስል አውጡት፤ እንቅስቃሴው እንደ ድሮው ይለሰልሳል።

ዲስኩ ቴሌቪዥን ላይ ሲጫወት የሚራመድ ሰው ወደፊት አንድ ወደኋላ አንድ እያለ ከተንቀጠቀጠ ግን እውነተኛ ስህተት አለ። የሁለቱ ግማሾች ቅደም ተከተል ተገልብጧል። ከሚኒ ዲቪ የመጣ ፋይል የታችኛውን ግማሽ ያስቀድማል። ከዴክ በካፕቸር (ምስሉን ወደ ኮምፒውተር በሚያስገባው መሣሪያ) የገባ ግን ብዙ ጊዜ የላይኛውን ያስቀድማል። ፕሮግራሙ ላይ የፊልድ (የግማሾቹን) ቅደም ተከተል ቀይራችሁ አንድ ደቂቃ ብቻ ሞክሩ። ሙሉውን ሠርተው በኋላ የሚያዩ ሰዎች ሌሊታቸውን ያጣሉ፣ በራሴ አይቻለሁ።

ቀለሙ ሲጠፋ

ጥቁርና ነጭ ሆኖ ከገባ፣ ወይም ምስሉ ወደላይ እየተንከባለለ ካስቸገረ፣ ካሴቱ ከአሜሪካ መጥቶ ይሆናል። ከዚያ የዲያስፖራ ዘመድ ያመጣው ካሜራ ኤንቲኤስሲ ነው፣ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሥርዓት፦ የእኛ ዲቪዲ 720 በ576 ሲሆን የእነሱ 720 በ480፣ በሰከንድ 29.97 ምስል። የካፕቸሩን ቅንብር ወደ ኤንቲኤስሲ ቀይሩ። ዲስኩንም በዚያው ሥርዓት ሥሩት። ወደ ፓል ልቀይር ካላችሁ እንቅስቃሴው ይነጥራል፤ ገበያችን ላይ ያሉት አብዛኞቹ ማጫወቻዎች ደግሞ ሁለቱንም ያነባሉ፣ ለምን ትለፋላችሁ?

በነገራችን ላይ፣ ከሚኒ ዲቪ ካሜራ በዩኤስቢ የገባው ምስል ትንሽና ደብዛዛ ከሆነ ካሜራው አልሞተም። በብዙዎቹ ላይ ዩኤስቢው ለፎቶ የተሠራ ነው። ትክክለኛው በር ፋየርዋየር የሚባለው ሌላ የገመድ መሰኪያ ነው፣ ሶኒ አይሊንክ ይለዋል። በሱ ሲገባ አንድ ሰዓት 13 ጊጋባይት ያህል ስለሚፈጅ ዲስክ ቦታ አዘጋጁ።

ቀስ እያለ የሚወጣ ወፍራም ጥላ

ምስሉ ላይ አግድም ጥላ ከታች ወደ ላይ ከተሳበ የመብራት ነገር ነው። ዴኩና ላፕቶፑ ከተለያየ ሶኬት ሲሰኩ በገመዳቸው በኩል ይረባበሻሉ። ላፕቶፑን ከቻርጀር ነቅላችሁ በባትሪ ቅዱ። እግረ መንገዱንም መብራት ሲቆራረጥ ፋይሉ አይበላሽም። ካልሆነ ሁሉንም አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰኩ።

ትንንሾቹ

ሰዉ ሁሉ ወፍሮ ከታየ 4 ለ3 የነበረው ምስል 16 ለ9 ተብሏል፤ ቅንብሩን መልሱት። ከምስሉ ግርጌ የሚንቀጠቀጥ ቀጭን መስመር የቪኤችኤስ ተፈጥሮ ነው። የድሮ ቴሌቪዥን ጠርዙን ስለሚደብቀው አናየውም ነበር። በጥቁር ሸፍኑት።

ዲስኩ መጨረሻው ላይ ብቻ የሚቆም ከሆነ ፋይሉን አትጠርጥሩ። ዲቪዲ ከመሃል ወደ ጠርዝ ነው የሚጻፈው፤ ርካሽ ዲስክ ደግሞ ቀድሞ የሚበላሸው ጠርዙ ነው። እስከ አፉ አትሙሉት፣ ራይት ስታደርጉም ፍጥነቱን ቀንሱ። ወረቀት አትለጥፉበት፣ ሲሽከረከር ያዘነብላል።

አንድ ነገር ግን ቤት ውስጥ አትሞክሩ። በካሴቱ መስኮት በኩል ስታዩት ፊልሙ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው። ክረምቱን አልጋ ሥር ያሳለፈ ካሴት ላይ አይቼዋለሁ። አንዴ ካጫወታችሁት ወደ ሄዱ፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው ካሴት ይተላለፋል። ለብቻው ፌስታል ውስጥ አስሩትና ማጽዳት ለሚችል ባለሙያ ስጡት። የእህቴ ካሴቶች አሁን ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ናቸው፣ በቁማቸው ተደርድረው። ሠርጉ ሦስት ዲስክ ሆኗል። አክስቴ ሁለተኛውን ብቻ ነው የምታየው፣ እሷ የምትጨፍርበትን።