የጤና ማስተማር ፕሮግራማችሁ ውጤት ሲያጣ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ይህ ጽሑፍ ከሐምሌ 1 በፊት ዕቅድ ለሚያወጡና በዓመቱ መጨረሻ ለሚገመግሙ የጎጃም ወረዳና ጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ነው። አብዛኛው ብልሽት ምንጩ አንድ ነው፤ ያደልነውንና ያስተማርነውን እንቆጥራለን፣ ሰው ቤቱ ገብቶ የሚያደርገውን ግን አናይም።

ምልክት፦ ቀበሌው ሁሉም ቤት ሽንት ቤት አለው ይላል፣ የሕፃናት ተቅማጥ ግን አልቀነሰም

መዝገቡን ትታችሁ ወደ ጓሮ ዙሩ። ወደ ሽንት ቤቱ የሚወስደው መንገድ ሣር ከበቀለበት፣ በሩ ላይ ሸረሪት ካደራበት ወይም ውስጡ ጭድ ከታጨቀበት፣ ተሠርቷል እንጂ አልተገባበትም። አጠገቡ የተሰቀለውን ጀሪካን አንሱና መዝኑት። ደረቅ ጀሪካን እጅ መታጠቢያ ተብሎ አይቆጠርም፤ ሳሙና ወይም አመድ የሌለበትም እንዲሁ።

ምክንያቱ አንድም የዘመቻ ጥድፊያ ነው፣ አንድም አፈሩ። በዋልካ መሬት የተቆፈረ ጉድጓድ ክረምት ሲገባ ይናዳል። አንዴ የተናደበት አባወራ ዳግም ለመቆፈር ልቡ አይነሳም፣ እናትም ልጇን ወደዚያ ለመላክ ትፈራለች። ስለዚህ የቁፋሮውን ሥራ ከጥር እስከ መጋቢት ላይ አቅዱት። አፉ በድንጋይ ይደገፍ፤ ዙሪያው በአፈር ከፍ ብሎ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ይውጣለት፤ ቀዳዳው ክዳን ይኑረው፤ ከምንጭና ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። የሕፃን ዓይነ ምድር የት እንደሚደፋም ጠይቁ። «የሕፃን ምን ያደርጋል» ተብሎ ጓሮ የሚጣል ከሆነ ሽንት ቤቱ ብቻውን ተቅማጡን አያቆመውም።

መለኪያውንም ቀይሩ። «የተሠራ ሽንት ቤት ብዛት» የሚለው ይውጣና «በጉብኝት ሰዓት የአጠቃቀም ምልክት የታየበት፣ ውሃና ሳሙና ወይም አመድ የተገኘበት ቤት በመቶኛ» የሚለው ይግባ።

ምልክት፦ ሲጠየቅ ሁሉም በትክክል ይመልሳል፣ የሚተገብረው ግን ጥቂት ነው

እዚህ ላይ ትምህርት መደጋገም ገንዘብና ጊዜ ማባከን ነው። በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም ደጋና ወይና ደጋ የሚታየውን የእግር እብጠት ውሰዱ። ይህ የዝሆኔ ዓይነት በትንኝ አይተላለፍም፤ በባዶ እግር ቀይ አፈር ለዓመታት ሲረገጥ በቆዳ ከሚገባ ደቃቅ ቅንጣት ይመጣል። ጫማ እንደሚከላከለው የሰማ ገበሬ ብዙ ነው። ጫማው ግን ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን ቀን ይቀመጣል፣ በሬ ሲጠመድ ጭቃው ስለሚይዘው ይወልቃል። ያ ሰው የጎደለው እውቀት አይደለም።

መፍትሄው እንቅፋቱን መለየት ነው። ድርጊቱን የሚፈጽሙ 45፣ የማይፈጽሙ 45 ሰዎች ምረጡና ለሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ጥያቄ አቅርቡ፦ ምን ያቀልልዎታል? ምን ያከብድብዎታል? ምን ይጠቅምዎታል? ማን ይደግፍዎታል፣ ማንስ ይቃወምዎታል? በሁለቱ ወገኖች መልስ መካከል 15 የመቶኛ ነጥብና ከዚያ በላይ ልዩነት የታየበትን ጉዳይ ያዙ፤ ሥራችሁ እሱ ላይ ነው። እንቅፋቱ የእርሻ ጭቃ ከሆነ ለእርሻ የሚሆን ጫማ በገበያው መኖሩን አጣሩ፤ ማታ ማታ እግርን በውሃና በሳሙና ማጠብን፣ በጣቶች መካከል ማድረቅንና ቅባት መቀባትን ዋና መልእክት አድርጉ። እንቅፋቱ «የዘር ነው፣ ምን ይደረጋል» የሚል ከሆነ ነገሩን አታስተባብሉ። በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት በእርግጥ አለ፤ ያለ አፈሩ ንክኪ ግን በሽታው አይመጣም። ይህንን አንድ ዓረፍተ ነገር ቄሱም የዕድር ዳኛውም ሳይዛነፍ እንዲናገሩት አለማምዷቸው።

ምልክት፦ ስብሰባ ተጠርቶ ሰው አይመጣም

ቀኑን እዩ። ሰኔና ሐምሌ እርሻ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም ወይም በእሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግን ገበሬው ሞፈር አያነሳም፣ ሰውም አንድ ላይ ነው። ከሃያ ደቂቃ አታስበልጡ።

ምልክት፦ አጎበር ታደለ፣ ትምህርት ተሰጠ፣ የወባ ቁጥር ግን ጨመረ

ፕሮግራሙ ከሸፈ ከማለታችሁ በፊት አራት ነገር አጣሩ። አንደኛ፣ የተመረመረው ሰው በዝቶ እንደሆነ ነው፤ ከተመረመሩት መካከል የተገኘባቸው ስንት በመቶ እንደሆኑ አስሉ። ሁለተኛ፣ ጥቅምትን ከየካቲት ጋር አታወዳድሩ። ወባ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይበረታል፣ ስለዚህ ጥቅምት የሚመዘነው ባለፉት ዓመታት ጥቅምቶች ነው። ሦስተኛ፣ ወደ ሰሊጥ እርሻ ወርደው የተመለሱ ጎልማሶችን ለይታችሁ መዝግቡ፤ የእነሱ ሕመም የመጣው ከሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። አራተኛ፣ ፕሮግራሙ ያልደረሰበት ተመሳሳይ ከፍታ ያለው ቀበሌ ፈልጉ። እዚያም እኩል ከጨመረ የዝናቡ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ በእናንተ ቀበሌ ብቻ ከጨመረ አጎበሩ አልጋ ላይ መዘርጋቱን፣ ሰብል ጠባቂው ማታ የት እንደሚያድር ሄዳችሁ እዩ።

ምልክት፦ የግምገማው ውጤት ከመጠን በላይ ያማረ ነው

ያስተማረችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ራሷ ጠያቂ ከሆነች መልሱ ለእሷ ክብር የሚሰጥ ይሆናል። ጠያቂ ከሌላ ቀበሌ አምጡ። መንገድ ዳር ያሉ ቤቶች ብቻ ተጎብኝተው እንደሆነም መርምሩ። ከቤተሰብ ማኅደር (በጤና ኬላ ከሚቀመጠው የየቤቱ የጤና መዝገብ) ዝርዝር ላይ በዕጣ ምረጡ፤ ወንዝ ማዶ ያለው ጎጥ ዕጣ ከወጣለት ወንዙን ተሻገሩ።

አንድ ቀበሌ 80 በመቶ ግቡን መድረሱን ለመፈተሽ 19 ቤት ይበቃል። 13ና ከዚያ በላይ መስፈርቱን ካሟላ አልፏል፣ ካነሰ ድጋፍ ያስፈልገዋል፤ 13 ከ19 ከ80 በመቶ የሚያንሰው በዕጣ ምርጫ ለሚፈጠር ስህተት ቦታ ስለሚተው ነው። ከ19 ቤት ላይ ግን መቶኛ አስልታችሁ ለዞን አትላኩ። ከእውነተኛው ወደላይም ወደታችም ከ10 ነጥብ በላይ የማይርቅ መቶኛ ከተፈለገ 96 ቤት ያስፈልጋል፤ ቤቶቹ በጥቂት ጎጦች ብቻ ከተመረጡ እጥፉን ያዙ።

ምልክት፦ ለውጥ መኖሩን የሚያሳይ ማነጻጸሪያ የለም

መነሻ መረጃው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ስላልተሰበሰበ ነው። አሁን የሚቻለው የጤና ኬላውን የቆየ መዝገብ ማየትና ገና ያልተጀመረባቸውን ቀበሌዎች ዛሬ መለካት ነው። ለመጪው ዓመት ደግሞ ከጠቅላላ በጀቱ እስከ 10 በመቶ ለክትትልና ለግምገማ ብቻ ብላችሁ በሰነዱ ላይ ለዩት፤ ሰኔ ላይ ተራፊ ይገኛል ተብሎ የተተወ ግምገማ ነዳጅና ውሎ አበል አጥቶ ይቀራል።