«ቁጥሩ ተቆርጧል» ሲባል፦ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱሶች መካከል ያለውን ልዩነት እንዴት እናጣራ?

የኪንግ ጄምስን (የ1611ዱን የእንግሊዝኛ) ትርጉም ከኤን አይ ቪ (ከአዳዲሶቹ የእንግሊዝኛ ትርጉሞች አንዱ) ጋር ጎን ለጎን የሚያነብ ሰው የሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ሲደርስ ይደነግጣል። ኪንግ ጄምስ 36፣ 37፣ 38 ብሎ ሲቆጥር ኤን አይ ቪ ከ36 ወደ 38 ያልፋል። የጠፋው ደግሞ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ከመጠመቁ በፊት የተናገረው የእምነት ቃል ነው። በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ክርስቲያኖች ዘንድ ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀው ክርክር የሚነሣው እንዲህ ካለ ቦታ ነው፤ አንዱ ወገን «ቆረጡት» ይላል፣ ሌላው «ከመጀመሪያውም አልነበረም»። ወገን ከመያዝ በፊት ማጣራት ይቻላል፤ ለዚህም የግድ ግሪክኛ ማወቅ አያስፈልግም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ መለየት ያለበት ልዩነቱ የንባብ (ብራናዎቹ ራሳቸው የሚሉት) ነው ወይስ የትርጉም የሚለው ነው። ሁለቱን ማደባለቅ የዚህ ክርክር ትልቁ በሽታ ነው። በ1952 የወጣው አር ኤስ ቪ የተባለው የእንግሊዝኛ ትርጉም ኢሳይያስ 7፥14 ላይ «ድንግል» በሚለው ፈንታ «ወጣት ሴት» ብሎ ሲተረጉም አሜሪካ ውስጥ ቁጣ ተነሣ፤ ገጹን ያቃጠለ ሰባኪም ነበር። ይሁን እንጂ በሁሉም ተርጓሚዎች ፊት ያለው የዕብራይስጥ ቃል አንድ ነው፤ «ዓልማ» ይላል። ጠቡ ቃሉ ምን ማለት ነው በሚለው ላይ ነው፤ የሰባ ሊቃናት የግሪክ ትርጉም «ድንግል» ማለቱና ማቴዎስ 1፥23 ያንኑ መጥቀሱም የሚመዘነው እዚያ ላይ ነው። እዚህ ቦታ ላይ ስለ ብራናዎች መከራከር ጊዜ ማባከን ነው። የሐዋርያት ሥራ 8፥37 ግን ሌላ ነው፤ እዚያ ተርጓሚዎቹ የያዙት የግሪክ ጽሑፍ ራሱ ይለያያል።

ይህን ለመለየት ከሁሉ የሚቀልለው መሣሪያ ኒው ኪንግ ጄምስ ነው፤ በ1982 ሙሉው ወጣ። ዋናው ጽሑፉ የኪንግ ጄምስን መሠረት ይከተላል፤ የግርጌ ማስታወሻው ግን ሌሎቹ የግሪክ እትሞች የት እንደሚለዩ ይናገራል። «ኤን ዩ» የሚለው ምልክት ዛሬ አብዛኞቹ አዳዲስ ትርጉሞች የሚነሡበትን የኔስትሌ-አላንድና የተባበሩት የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበራት እትም ያመለክታል። «ኤም» ደግሞ የአብዛኞቹን የግሪክ ብራናዎች ንባብ ነው። ማስታወሻ ከሌለ ልዩነቱ ምናልባት የትርጉም ነው። «ኤን ዩ» ብቻ ከተጻፈ ክርክሩ በጥንታውያኑ ጥቂት ብራናዎችና በባይዛንታይን (በምሥራቁ የሮም ግዛት በተለመዱት) ብዙኃን ብራናዎች መካከል ነው። ሁለቱም ከተጻፉ ግን የኪንግ ጄምስ ንባብ የብዙኃኑም ድጋፍ የለውም ማለት ነው። የሐዋርያት ሥራ 8፥37 ላይ ሁለቱም ተጽፈዋል። «ብዙዎቹ ብራናዎች ከኪንግ ጄምስ ጋር ናቸው» የሚል ሰው ይህን ማስታወሻ ሳያይ ማለፍ የለበትም። ስልክ ላይ የሚያነቡ ከሆነ የግርጌ ማስታወሻው ከትንሽ ምልክት ጀርባ ይደበቃል ወይም ጨርሶ ተዘግቶ ይሆናል፤ መጀመሪያ ቅንብሩ ውስጥ ገብተው ይክፈቱት። «ምንም ሳይናገሩ ቆረጡት» ከሚሉት ክሶች ብዙዎቹ የሚወለዱት ከዚህ ነው።

ኪንግ ጄምስ ለምን ከብዙኃኑም አንዳንዴ ይለያል? ሐረጉ ኢራስመስ ወደሚባለው የሆላንድ ሊቅ ይወጣል። እርሱ በ1516 ባዝል ከተማ ያሳተመው የግሪክ ሐዲስ ኪዳን የተሠራው በእጁ ከነበሩ ጥቂት ብራናዎች ነው። ለዮሐንስ ራእይ አንድ ብቻ ነበረው፤ የዚያም የመጨረሻ ቅጠል ጎድሎ ስለ ነበር የመጨረሻዎቹን ቁጥሮች ከላቲን ወደ ግሪክ መልሶ ተረጎማቸው። ዱካው እስከ ዛሬ ይታያል። ራእይ 22፥19 ላይ የግሪክ ብራናዎች «ከሕይወት ዛፍ» ሲሉ ኪንግ ጄምስ «ከሕይወት መጽሐፍ» ይላል፤ በላቲን ዛፉ «ሊኞ»፣ መጽሐፉ «ሊብሮ» ነውና ስሕተቱ ከላቲን ገልባጮች መጥቶ በዚያ በኩል ገባ። ያ እትም ከእርሱ በኋላ በተነሡት አሳታሚዎች በእስቴፋኖስና በቤዛ እጅ እየታረመ ቆይቶ የ1611ዱ ትርጉም መሠረት ሆነ። ተርጓሚዎቹ ግን ይህን ሁሉ የደበቁ ሰዎች አልነበሩም፤ በ1611ዱ እትም ሉቃስ 17፥36 ጎን ኅዳግ ላይ ይህ ቁጥር በአብዛኞቹ የግሪክ ቅጂዎች እንደማይገኝ ራሳቸው ጽፈዋል።

አሁን ምስክሮችን መጥራት ነው። ለእያንዳንዱ ብራና ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ይህን መጽሐፍ ይዟል? ስንተኛው ክፍለ ዘመን ነው? ንባቡ የመጀመሪያው ጸሐፊ ነው ወይስ በኋላ ያረመ እጅ? የመጀመሪያው ጥያቄ የዋህ ይመስላል፤ ግን ብዙ ሰው የሚሰናከለው በእርሱ ነው። ኮዴክስ ቫቲካነስ (በቫቲካን የሚገኘው ጥንታዊ የግሪክ ብራና) 1 ጢሞቴዎስን አልያዘም፤ ስለዚህ በዚያ መጽሐፍ «ቫቲካነስ አስቀረው» ማለት ባዶ ወሬ ነው። ሌላው ጥንታዊ ብራና ኮዴክስ ሲናይቲከስም ቫቲካነስም ፎቶአቸው በኢንተርኔት በነጻ ይታያል፤ በጀርመን ሙንስተር ያለው የሐዲስ ኪዳን ጽሑፍ ምርምር ተቋምም እጅግ ብዙ ብራናዎችን በምስል አቅርቧል።

በጃንደረባው ቁጥር እንሞክረው። ቁጥር 37 የሌለባቸው የ3ኛው ክፍለ ዘመኑ ፓፒረስ 45፣ የ4ኛው ክፍለ ዘመኖቹ ሲናይቲከስና ቫቲካነስ፣ የ5ኛው አሌክሳንድሪነስ፣ ከዚያም አብዛኞቹ የባይዛንታይን ቅጂዎች ናቸው። ያለባቸው ደግሞ ኦክስፎርድ የሚገኘው ግሪክና ላቲን ጎን ለጎን የተጻፈበት ኮዴክስ ላውዲያነስ፣ ጥቂት ዘግይተው የተገለበጡ ብራናዎችና የላቲን ምስክሮች ናቸው። ኢራስመስ ቁጥሩን ያገኘው ከአንድ ብራና ኅዳግ ላይ ሲሆን፣ ገልባጮች በቸልታ የጣሉት መስሎት አስገባው። ለቁጥሩ የሚሟገተው ከባዱ ማስረጃ ሌላ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን አባት ሄሬኔዎስ በ180 ገደማ የጃንደረባውን የእምነት ቃል ጠቅሶታል። ስለዚህ «በመካከለኛው ዘመን የተፈጠረ» ማለትም ስሕተት ነው። አሁን የሚቀረው የቱ ንባብ የቱን ሊወልድ ይችላል የሚለው ነው። ጃንደረባው «እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?» ብሎ ጠይቆ መልስ ሳይሰማ ወደ ውኃው ሲወርድ፣ በጥምቀት ሥርዓት የእምነት ቃል መናገርን የለመደ አንባቢ መልሱን ኅዳግ ላይ ቢጽፍ፣ ቀጣዩም ቁም ጸሐፊ ወደ ውስጥ ቢያስገባው የሚገርም አይደለም። ብራና የገለበጠ ሁሉ ይህን ያውቃል። በአንጻሩ እንዲህ ያለውን ውብ ምስክርነት ሆን ብሎ የሚፍቅ ክርስቲያን ጸሐፊ ምን አስቦ ይሆናል? ጥያቄውን ወደዚያም ወደዚህም አድርገው ሳይጠይቁ አይፍረዱ። የራስዎን አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም ከፍተው በዚህ ቁጥርና እንዲሁ በሚያከራክረው በ1 ዮሐንስ 5፥7 ምን እንዳደረገ ይመልከቱ፤ የ1954ቱንና (ይህ ዓመት ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) አዲሱን መደበኛ ትርጉም ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል።

ቅርበት የሚጠይቀው ቦታ ግን 1 ጢሞቴዎስ 3፥16 ነው። ኪንግ ጄምስ «እግዚአብሔር በሥጋ ተገለጠ» ሲል አዳዲሶቹ «እርሱ በሥጋ ተገለጠ» ይላሉ። በጥንቱ የግሪክ አጻጻፍ «እርሱ» ተብሎ የተተረጎመው ቃል ሁለት ፊደል ነው፤ የመጀመሪያው እንደ እኛ ዐ ያለ ክብ ነው። «እግዚአብሔር» ደግሞ እንደ ቅዱስ ስም በአጭሩ በሁለት ፊደል ይጻፋል፤ የመጀመሪያው እንደ ፀ መሐሉ ላይ መስመር ያለው ክብ ነው፣ ከላዩም ሰረዝ ይሰመርበታል። ልዩነቱ እንግዲህ ሁለት ትንንሽ ጭረት ነው። በሲናይቲከስ የመጀመሪያው ጸሐፊ «እርሱ» ብሎ ጻፈ፤ ከዘመናት በኋላ ሌላ እጅ ከላይ ፊደል ጨምሮ «እግዚአብሔር» አደረገው። በአሌክሳንድሪነስ ላይ በክቡ ውስጥ ያለው ጭረት የጸሐፊው ነው ወይስ ከቅጠሉ ጀርባ የዘለቀ ቀለም ነው በሚለው ሊቃውንት ብዙ ተከራክረዋል። ይህን ያየ ሰው ከጭረት የመጣን ልዩነት የመናፍቅ ሤራ ለማለት ይቸኩላል ብለን አናምንም።

የሤራውን ክስ የሚፈትኑበት ቀላል መንገድም አለ፦ በተቃራኒው ይፈልጉ። አዳዲሶቹ እትሞች የክርስቶስን አምላክነት ለመቀነስ የተሠሩ ቢሆኑ ኖሮ ዮሐንስ 1፥18 ላይ «አንድያ ልጁ» የሚለውን ትተው «አንድያ አምላክ» የሚለውን ንባብ ባልመረጡ ነበር። የሐዋርያት ሥራ 16፥7 ላይ ኪንግ ጄምስ «መንፈስ» ሲል እነርሱ «የኢየሱስ መንፈስ» ይላሉ። 1 ዮሐንስ 2፥23 ደግሞ ነገሩን ይገለብጠዋል፦ ሁለቱም ሐረጎች በግሪክ የሚያልቁት «ቶን ፓቴራ ኤኬይ» (አብ አለው) በሚሉ ተመሳሳይ ቃላት ስለ ሆነ የገልባጮች ዓይን ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ዘሎ ሁለተኛው ሐረግ ከብዙ ቅጂዎች ጠፋ። የኪንግ ጄምስ ተርጓሚዎች ስለ ተጠራጠሩት በተለየ ፊደል አተሙት፤ አዲሶቹ ያለ ምንም ጥርጣሬ ይዘውታል።

በጥንቃቄ የሚያዙ ሁለት ነገሮች። የተባበሩት ማኅበራት የግሪክ እትም ለንባቦቹ የሚሰጠው ከኤ እስከ ዲ ያለ ደረጃ ኮሚቴው በምርጫው ምን ያህል እንደ ተማመነ የሚያሳይ ነው፤ የብራናውን ጥራት አይለካም፣ ኤ እና ቢ ተብለው ከሚጠሩት ብራናዎችም (ከአሌክሳንድሪነስና ከቫቲካነስ) ጋር አይገናኝም። ሁለተኛው፣ ስለ ግእዝ ምስክርነት የሚጻፈውን ሁሉ እንዳለ አይቀበሉ። አንዳንድ የግእዝ ብራናዎች ማርቆስን 16፥8 ላይ ይጨርሳሉ እየተባለ በምዕራባውያን መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ ሲደጋገም ነበር። አሜሪካዊው የሐዲስ ኪዳን ሊቅ ብሩስ ሜትዝገር ብራናዎቹን ራሳቸውን ሲመረምር በቁጥር 8 የሚያልቅ አንድም አላገኘም፤ ብዙዎቹ እንዲያውም ከቁጥር 8 በኋላ የሚመጡትን አጭሩንና ረጅሙን (ከ9 እስከ 20 ያለውን) መደምደሚያ አከታትለው ይዘዋል። ተደጋግሞ ስለ ተጻፈ ብቻ እውነት የመሰለውን ነገር ያፈረሰው ብራናውን መግለጥ ነው።

ውጤቱን ለሌላ ሰው ሲያስረዱ ሦስቱን ነገር ለዩ፦ ብራናዎቹ ምን ይላሉ፣ እርስዎ የትኛውን መረጡ፣ ለምን። ለምሳሌ እንዲህ ይጻፉ፦ «የሐዋርያት ሥራ 8፥37 በጥንታውያኑም በአብዛኞቹም የግሪክ ብራናዎች የለም፤ ምስክርነቱን ግን ሄሬኔዎስ በ2ኛው ክፍለ ዘመን ያውቀዋል። ኋላ ከኅዳግ የገባ ይመስለኛል፤ የሚጣልበት ምክንያት አላገኘሁምና።» ይህን የሚያነብ ሰው በመደምደሚያዎ ባይስማማም፣ የቱ ላይ እንዳልተስማማ ያውቃል፤ ወደ ብራናውም ሊመልስዎ ይችላል።