ሚክሰር ላይ ድምፅ ሲጠፋ፣ ሲሻክር፣ ሲያፏጭ፦ የቻናል ችግርና መፍትሄ

ድምፅ በሚክሰር ቻናል (ለአንድ ማይክ ወይም መሣሪያ በተሰጠው የማዞሪያዎች ረድፍ) ውስጥ እንደ ውሃ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ከመሰኪያው ገብቶ መጀመሪያ ጌይንን (የመግቢያውን ማጉያ)፣ ቀጥሎ ሎው ከትን (ወፍራም ጉርምርታ የሚቆርጠውን ቁልፍ) እና ኢኩዋላይዘሩን (ወፍራምና ቀጭን ድምፅ ማመጣጠኛውን) ያልፋል። በኦክስ ማዞሪያዎቹ በኩል ወደ ሞኒተር (ዘፋኙ ራሱን ወደሚሰማበት ስፒከር) እና ወደ ኢፌክት ተከፍሎ በመጨረሻ ፓን (ግራና ቀኝ ማካፈያ)፣ ሚውት (ድምፅ መዝጊያ) እና ፌደር (የድምፅ መጠን ተንሸራታች) ላይ ይደርሳል። ላይ የተበላሸውን ታች ማከም ስለማይቻል፣ ምንም ዓይነት ችግር ቢገጥምዎ ፍለጋውን ከአናቱ ይጀምሩ።

ድምፁ ጭራሽ አይሰማም

ፒኤፍኤል የሚለውን ቁልፍ ይጫኑና በሄድፎን ያዳምጡ። ይህ ቁልፍ ድምፁን ፌደሩ ጋ ከመድረሱ በፊት ስለሚወስደው ችግሩን ለሁለት ይከፍልልዎታል። በሄድፎን ከተሰማ ማይኩም ገመዱም ደህና ናቸው። ስህተቱ ከታች ነው፦ ሚውት በርቷል፣ ፌደሩ ወርዷል፣ አለዚያም ድምፁን ወደ ዋናው መውጫ የሚልከው ቁልፍ አልተጫነም። ግሩፕ (ብዙ ቻናሎችን በአንድ ፌደር የሚያዝ) ባላቸው ሚክሰሮች ላይ ቻናሉ ወደ ግሩፕ ተልኮ የግሩፑ ፌደር ወርዶ መቅረቱ በጣም የተለመደ ነው።

በሄድፎንም ካልተሰማ የማይኩን ማብሪያ ይዩ። ከዚያ ፌደሩን አውርደው በደንብ ከሚሠራ ቻናል ላይ ማይክ ከነገመዱ አምጥተው ይሰኩ፤ ድምፅ ከመጣ ጥፋቱ የቀድሞው ማይክ ወይም ገመድ ነው። ኮንደንሰር የሚባለው ማይክ ደግሞ ሚክሰሩ በማይኩ ገመድ የሚልከውን 48 ቮልት ኤሌክትሪክ (ፋንተም) ካላገኘ አይናገርም። ፋንተሙን ሲያበሩም ሲያጠፉም ፌደሩ ይውረድ፤ በዚያች ቅጽበት የሚወጣው ፍንዳታ ስፒከር ሊጎዳ ይችላል።

ድምፁ ደካማ ነው፣ ከጀርባውም «ሽሽሽ» ይላል

ጌይኑ ዝቅ ብሎ ፌደሩ እስከ ጣሪያው ተገፍቷል። ማይክ የሚያወጣው ኤሌክትሪክ በሚሊቮልት የሚለካ ነው፤ መጀመሪያው ላይ በበቂ ካልተነሣ፣ በኋላ ሲያነሡት የሚክሰሩም ጫጫታ አብሮ ይነሣል። የጌይኑ አስተካከል እንዲህ ነው፦ ፌደሩን ያውርዱ፣ የኢኩዋላይዘሩን ማዞሪያዎች መሐል ላይ ያድርጉ፣ ፒኤፍኤል ይጫኑ። ዘማሪው ወይም ዘፋኙ «አንድ፣ ሁለት፣ ሄሎ» ማለቱ አይበቃም፤ በሙከራ ጊዜ የሚያንሾካሹክ ሰው አዝማቹ ላይ ሲደርስ ይጮኻል። አዝማቹን በሙሉ ድምፁ ያሰማ። ሜትሩ 0 አካባቢ እስኪጫወት፣ ከፍተኛው ጩኸት እስከ +6 እስኪነካ ድረስ ጌይኑን ቀስ ብለው ያዙሩ። አሁን ፒኤፍኤሉን ይልቀቁና ፌደሩን ወደ 0 ያምጡ። ፌደር 0 አካባቢ ሲሆን ትንሽ ቢገፋ ትንሽ ነው የሚለወጠው፤ ታች ላይ ግን የጣት ንክኪ እንኳ ድምፁን ያዘልለዋል።

ጌይን ሲነካ የሞኒተሩም ድምፅ አብሮ ይለወጣል። ፕሮግራሙ ከተጀመረ በኋላ ያለ ከባድ ምክንያት አይንኩት።

ፌደሩ ወርዶም ድምፁ ይሻክራል

ቀይዋ የፒክ መብራት ብልጭ ትላለች? ድምፁ ጌይኑ ላይ ተቆርጧል፤ ፌደሩን ማውረድ የተቆረጠውን ድምፅ ቀስ አድርጎ ማሰማት ብቻ ነው። ጌይኑን ይቀንሱ። ከበሮን ከቅርብ የሚይዝ ማይክ ጌይኑ ጨርሶ ወርዶም ሊያሻክር ይችላል፤ 20 ዴሲቤል የሚቀንሰው ፓድ ካለ ይጫኑት፣ ከሌለ ማይኩን ያርቁ። ኪቦርድ በማይክ መሰኪያ ገብቶ ከሆነ ወደ ላይን መሰኪያው ያዛውሩት። ኢኩዋላይዘር ላይ ብዙ የተጨመረ ሎውም (ወፍራም ድምፅ) ቻናሉን ሊሞላው ይችላል።

ያፏጫል

ማይኩ የሰጠውን ድምፅ ከስፒከሩ መልሶ ሲሰማው ዙሩ ይከርራል። ብዙ ሰው ወደ ኢኩዋላይዘር ይሮጣል፤ የሚበልጠው መፍትሄ ግን መድረኩ ላይ ነው። ዋናዎቹ ስፒከሮች ከማይኮቹ ቀድመው፣ ወደ ሕዝቡ ዞረው ይቁሙ። የተለመደው ካርዲዮይድ ማይክ ከጀርባው በኩል ደንቆሮ ስለሆነ፣ ሞኒተሩ የማይኩን ጭራ እንዲያይ አድርገው ያስቀምጡት። ዘፋኙ የማይኩን ወንፊት በእጁ ከሸፈነ ማይኩ ከየአቅጣጫው መስማት ይጀምርና ወዲያው ያፏጫል። ከማይክ 20 ሴንቲሜትር የነበረ አፍ ወደ 10 ሲጠጋ 6 ዴሲቤል ያህል ያተርፋሉ፤ ያን ያህል ጌይን መቀነስ ይችላሉ ማለት ነው። በሌላ በኩል የተከፈቱት ማይኮች ቁጥር እጥፍ በሆነ ቁጥር 3 ዴሲቤል ያህል ይከስራሉ። ሰው ያልያዘው ማይክ ሁሉ ሚውት ይሁን።

ከዚህ በኋላ ኢኩዋላይዘር። በድምፅ ማይኮች ሁሉ ላይ ሎው ከት ይጫኑ፤ ከ80 እስከ 100 ኸርዝ በታች ያለው የማይክ መያዣ ጉርምርታና የንፋስ ድምፅ ነው። ሚዱ (የመካከለኛ ድምፅ ማዞሪያው) ድግግሞሽ የሚመርጥ ማዞሪያ ካለው 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሱና ፉጨቱ እስኪጠፋ መምረጫውን ያዙሩ። የት እንደሚጀምሩ ጆሮዎ ይነግርዎታል፦ «ኡ» የሚመስል ጩኸት ወደ 250 ኸርዝ፣ «ኦ» ወደ 500፣ «አ» ወደ 1000፣ «ኢ» የምትመስል ቀጭን ፉጨት ከ2000 እስከ 4000 ነው።

ከላፕቶፕ የሚመጣ ዘፈን ላይ የዘፋኙ ድምፅ ይጠፋል

ሙዚቃው ይሰማል፣ ዘፋኙ የለም ወይም ከጉድጓድ የሚዘፍን ይመስላል። ምክንያቱ ስቴሪዮ ጃክ በአንድ ሞኖ ቻናል ላይ መሰካቱ ነው። ያ መሰኪያ ባላንስድ ስለሆነ የሁለቱን ሽቦዎች ልዩነት ብቻ ያሳልፋል፤ በግራም በቀኝም እኩል ያለው የዘፋኙ ድምፅ ተቀናንሶ ዜሮ ይሆናል። ወደ ሁለት ሞኖ ጃክ የሚከፈል ገመድ ይጠቀሙ፤ በሁለት ቻናል አስገብተው አንዱን ፓን ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ ያዙሩ።

ላፕቶፑ ሲሰካ «ዝዝዝ» ካለ ቻርጀሩን ለአፍታ ይንቀሉ። ዝዝታው ከቆመ ነገሩ የመሬት መስመር ዙር ነው፦ ላፕቶፑንና ሚክሰሩን ከአንድ ሶኬት ያብሯቸው፣ ወይም ግራውንድ ሊፍት (በድምፅ ገመዱ ላይ የመሬት መስመሩን የሚያቋርጥ ቁልፍ) ያለው ዲአይ ቦክስ (የመሣሪያን ድምፅ ለማይክ መሰኪያ የሚያስማማ ትንሽ ሳጥን) መሐላቸው ያስገቡ። የሶኬቱን የመሬት እግር መቁረጥ ግን ሰው ይገድላል፤ በፍጹም አያድርጉት።

ክራሩ ቆርቆሮ ይመስላል

ክራር ወይም መሰንቆ ላይ የሚለጠፍ ፒየዞ ፒካፕ (ንዝረትን ወደ ድምፅ ምልክት የሚቀይር) 1 ሜጋኦም ያህል የግቤት ኢምፒዳንስ (የመሰኪያ ተቃውሞ) ይፈልጋል፤ የሚክሰር ላይን መሰኪያ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ኪሎኦም ገደማ ነው። ወፍራሙ ድምፅ እዚያው ይቀራል፤ ሎውን በመጨመር አይመለስም። አክቲቭ ዲአይ ቦክስ ያስፈልጋል።

ፌደር በተነካ ቁጥር ሞኒተሩ ይለወጣል

ኦክሱ ፖስት ላይ (ድምፁን ከፌደሩ በኋላ የሚወስድ) ነው፤ ለሞኒተር ፕሪ (ከፌደሩ በፊት) ያድርጉት። ለኤኮና ለሪቨርብ ግን ፖስት ይሁን፤ አለዚያ ፌደሩ ሲወርድ ዘፋኙ ጠፍቶ ኤኮው ብቻውን ይቀራል።

ሲነካ ይንኮሻኮሻል፣ ድምፁ ይመጣል ይሄዳል

ፌደሩ ውስጥ አቧራ ገብቷል። ሚክሰሩን አጥፍተው ለፌደር የተሠራ ማጽጃ በጥቂቱ ይርጩና ሃያ ጊዜ ያህል ወደ ላይና ወደ ታች ይግፉት። ተራ የማሽን ዘይት አቧራ ይሰበስባል። ፌደሩ ንጹሕ ሆኖም ድምፁ የሚጠፋና የሚመለስ ከሆነ የኢንሰርት መሰኪያውን (ሌላ መሣሪያ በቻናሉ መሐል የሚገባበትን) ይጠርጥሩ፦ ምንም ባይሰካበትም ድምፁ በውስጡ ስለሚያልፍ፣ የዛገ መገናኛው ይቆርጠዋል። ጃክ አሥር ጊዜ ያህል ሰክተው ይንቀሉ። ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ ካልተመለሰ መሰኪያው መቀየር አለበት።