ስለ ክሊንጎን ግንባር ሳይጣሉ ለመከራከር

ወንድሜ ቤት ምንጣፉ ላይ ያለው የቡና እድፍ የመጣው በክሊንጎኖች ምክንያት ነው፤ ስታር ትሬክ በተባለው የአሜሪካ የጠፈር ተከታታይ ድራማ ውስጥ ያሉት ጦረኞች ናቸው። በድሮዎቹ ክፍሎች ግንባራቸው ልሙጥ ነበር፤ በኋለኞቹ ግን ሸንተረር አወጣ። በፋሲካ ማግስት ወንድሜና አንድ የሥራ ባልደረባው ሶፋው ላይ ተደላድለው፣ እኔ ቶናውን እየቀዳሁ ሳለ ነገሩ ተነሣ። ባልደረባው «በፈረንጆቹ 1967 የታዩት ክሊንጎኖች ግንባራቸው እንደ እኔና እንደ አንተ ልሙጥ የሆነው በሽታ ስለመታቸው ነው» አለ። ወንድሜ «ድራማውን የሠሩት ሰዎች ገንዘብ ስላልነበራቸው ነው እንጂ!» ብሎ መለሰ። ሁለቱም ልክ ነበሩ። ሁለቱም ልክ ስለነበሩ ደግሞ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲጨቃጨቁ አንዱ ሌላውን አልሰማውም። እኔም ላስታርቅ ብዬ እጄን ሳወናጭፍ ስኒው አመለጠኝ።

ሌላ ስኒ እንዳይሰበር ይህን ጻፍኩ።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ሥራዬ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው። ሐኪም አይደለሁም። ሐኪሙ የሰውየውን አፍ ልክ ወስዶ ይልክልኛል፤ እኔ የጥርሱን ቆብ ወይም ሙሉውን መንጋጋ ሠርቼ እመልሳለሁ። ስታር ትሬክን ማየት የጀመርኩት እዚህ አገር እንደመጣሁ፣ እንግሊዝኛ ለመልመድ ብዬ ነው። ሌሎቹ ገጸ ባሕርያት የሳይንስ ቃል ሲያንበለብሉ እነዚያ ጦረኞች ክሊንጎኖች ቀስ ብለው፣ ጮክ ብለው፣ አጠር አድርገው ይናገሩ ነበር። ለጀማሪ የተመቸ ሕዝብ ነው።

ክርክሩ ሲነሣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ «የምንነጋገረው ከካሜራው ፊት ስላለው ነው ወይስ ከካሜራው ጀርባ ስላለው?» ከፊት ያለው ታሪኩ ነው፤ ክሊንጎኖች በእውነት አሉ ብለን፣ ግንባራቸው ለምን ተለዋወጠ የምንልበት። ከጀርባ ያለው ሜካፕ ሠሪው፣ በጀቱና የቀረጻው ሰዓት ነው። ወንድሜ ከጀርባ ሆኖ ይናገራል፣ ባልደረባው ከፊት ሆኖ ይመልስለታል። እንዲህ ያለ ክርክር የሚያልቀው ከሁለት አንዱን እንቅልፍ ሲጥለው ነው። ስለዚህ ተከራካሪዎቹ በየትኛው በር እንደገቡ ጮክ ብለው እንዲናገሩ አድርጉ። «ገንዘብ አልነበራቸውም» ማለት ለታሪኩ ጥያቄ መልስ አይሆንም። «ቫይረስ ነው» ማለትም በ1967 ሜካፕ ክፍሉ ውስጥ ምን እንደታሰበ አይነግረንም፤ ቫይረሱ የተፈለሰፈው ከ38 ዓመት በኋላ ነውና።

ቀጥሎ ዓመታቱን ያዙ፤ ሁሉም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ክሊንጎኖች ለመጀመሪያ ጊዜ የታዩት በመጋቢት 1967 «ኤራንድ ኦፍ መርሲ» በተባለው ክፍል ነው። አዛዡን ኮርን የተጫወተው ካናዳዊው ጆን ኮሊኮስ ነበር፤ ልሙጥ ግንባር፣ የጠቆረ ፊት፣ ቀጭን ጺም። በ1979 የመጀመሪያው የሲኒማ ፊልም ሲወጣ ግንባራቸው መሃል ለመሃል እንደ አከርካሪ ያለ ሸንተረር በቅሎ ተገኘ። ለምን እንደሆነ ያስረዳ የለም። ከ1987 ጀምሮ ማይክል ዶርን የሚጫወተው ክሊንጎኑ ዎርፍ ያንኑ ሸንተረር ይዞ በየሳምንቱ እየመጣ አስለመደን። ከዚያ በ2001 የጀመረው ኢንተርፕራይዝ የተባለው የስታር ትሬክ ተከታታይ ከኮር ዘመን አንድ ምዕተ ዓመት ቀድመው የኖሩትን አሳየ፤ እነሱም ባለ ሸንተረር! እንግዲህ ነበራቸው፣ አጡት፣ መልሰው አገኙት ማለት ነው። ነገሩን ለማስታረቅ የተሞከረው በየካቲት 2005 ነው። በ2017 ዲስከቨሪ የተባለው ተከታታይ ደግሞ ጠጉር አልባ፣ ጭንቅላታቸው ወደ ኋላ የረዘመ ክሊንጎኖችን አምጥቶ የተዳፈነውን እሳት ቆሰቆሰው።

ዓመት መሸምደድ ብቻውን አይበቃም፤ ማየት ያስፈልጋል። ሁሉንም ለማየት ዕድሜ አይበቃም፤ እነዚህን አምስት ክፍሎች በዚህ ቅደም ተከተል እዩ፦ መጀመሪያ «ኤራንድ ኦፍ መርሲ»፣ ከዚያ ዲፕ ስፔስ ናይን ከተባለው ተከታታይ «ብለድ ኦዝ» (1994) እና «ትራያልስ ኤንድ ትሪብልኤሽንስ» (1996)፣ መጨረሻ ከኢንተርፕራይዝ «አፍሊክሽን» እና «ዳይቨርጀንስ» (2005)። አራት ሰዓት አይሞሉም። እነዚህን ሳያይ የሚከራከር ሰው ሲገጥማችሁ ቡና ቅዱለትና ወሬውን ወደ ሌላ አዙሩት።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። የጥርስ ቆብ ተሠርቶ ሲያልቅ የላይኛውና የታችኛው ጥርስ መካከል ስስ ሰማያዊ ወረቀት ይገባና «ንከስ» ይባላል። ቆቡ ከፍ ያለበት ቦታ ላይ ሰማያዊ ነጥብ ይቀራል። ነጥቡ ካለ ቆቡ የቱንም ያህል ቢያምር አልገጠመም ማለት ነው፤ ይሞረዳል። ለክሊንጎን ክርክር ሰማያዊው ወረቀት ኮር ነው። ጆን ኮሊኮስ በ1967 በልሙጥ ግንባር የተጫወተውን ያንኑ ሰው በ1994 አርጅቶ፣ ባለ ሸንተረር ሆኖ መልሶ ተጫወተው። ከእሱ ጋር ካንግና ኮሎት የተባሉት ሌሎች የድሮ ክሊንጎኖችም በድሮዎቹ ተዋንያን ተመልሰዋል። አንድ ሰው፣ ሁለት ግንባር። የሚቀርብላችሁን ማብራሪያ ሁሉ ኮርን አስነክሱት።

«ክሊንጎኖች እንደ ደገኛና ቆለኛ ሁለት ዓይነት ሕዝብ ናቸው» የሚል ሰው በየስብሰባው አይጠፋም። ኮርን አስነክሱት፤ አንድ ሰው በመካከለኛ ዕድሜው ከአንዱ፣ በእርጅናው ከሌላው ሕዝብ ሊወለድ አይችልም። ይህ ማብራሪያ ሞረድ አያድነውም፤ ይጣላል። «ድሮም ሸንተረር ነበራቸው፣ እኛ ነን ማየት ያልቻልነው» የሚለው ደግሞ የስታር ትሬክ ፈጣሪ ጂን ሮደንቤሪ ራሱ ያዘነበለበት ሐሳብ ነው። ደስ ይላል፣ ብዙ ነገር ይገላግላል። ግን የ1996ቱ ክፍል ዘጋው። በዚያ ክፍል ዎርፍና ጓደኞቹ በጊዜ ወደ ኋላ ተጉዘው የድሮው ቀረጻ ውስጥ ይገባሉ፤ ልሙጦቹን ክሊንጎኖች በዓይናቸው አይተው ይደነግጣሉ። አንዱ የዘረመል ምሕንድስና ነው ወይ ይላል፣ ሌላው የቫይረስ ለውጥ ነው ወይ ይላል። ዎርፍ ፊቱን አጥቁሮ፣ ይህን ጉዳይ ከባዕድ ጋር አናወራም ብሎ ይዘጋቸዋል። ደራሲዎቹ በአንድ ዓረፍተ ነገር የ17 ዓመት ክርክር ላይ ሣቁበት፤ እስካሁን ከዚህ የተሻለ መልስ የሰጠ የለም ብዬ አምናለሁ።

የ2005ቱ ማብራሪያ ግን መልስ ሰጠ። የክሊንጎን ሳይንቲስቶች ዘረመላቸው የተሻሻለ ሰዎችን ሽል አግኝተው ከእነሱ የበረቱ ወታደሮችን ለማፍራት ይሞክራሉ። ከሙከራው ታማሚዎች አንዱ ጉንፋን ነበረበትና የተሻሻለው ዘረመል ከጉንፋኑ ጋር ተዳቅሎ ወረርሽኝ ይሆናል። መድኃኒቱ በሽታውን የሚያቆመው መጀመሪያው ደረጃ ላይ ነው፤ ነፍሳቸው ይተርፋል፣ ሸንተረራቸው ይጠፋል፣ ለልጆቻቸውም ይተላለፋል። ኮር ሲነክሰው ትንሽ ሰማያዊ ነጥብ ይቀራል፦ እሱስ እንዴት መልሶ አበቀለ? በክፍሉ መጨረሻ የክሊንጎኑ ሐኪም የራስ ቅል ቀዶ ሕክምና ወደፊት ገበያ ሊኖረው እንደሚችል ይናገራል። ያቺ ቃል ለእኔ ሞረድ ሆና በቅታለች። «የዲስከቨሪዎቹ ከኮር ዐሥር ዓመት ገደማ ቀድመው ሳሉ ልሙጦቹ የት ሄዱ?» ለሚላችሁ ሰው፣ ሁሉም አልታመሙም በሉት።

የእናቴ አባት የመጻሕፍት ትርጓሜ የተማሩ ሰው ነበሩ። አንድ ንባብ ሲፈቱ «አንድም» እያሉ ሁለተኛውን፣ «አንድም» እያሉ ሦስተኛውን ይደረድሩ ነበር እንጂ አንዱን ለማቆም ሌላውን አይንዱም። ልጅ ሆኜ ያሰለቸኝ ነበር፤ አሁን ከክሊንጎን ጋር ስታገል ጥበቡ ገባኝ። ተከራካሪያችሁን «ተሳስተሃል» ከማለት «አንድም» ብላችሁ የእናንተን ከጎኑ አስቀምጡት። ግን አያቴ ንባቡን የሚቃረን አንድም ሲመጣ በዱላቸው መሬቱን መታ መታ አድርገው ያልፉት ነበር። ኮርም ንባብ ነው፤ የሚቃረነውን እለፉት።

ከካሜራው ጀርባ ለመከራከር የመረጣችሁ ደግሞ ግንባሩ እንዴት እንደሚሠራ እወቁ፤ ያኔ «ገንዘብ አልነበራቸውም» የሚለው ነገር ክብደቱ ይታያችኋል። መጀመሪያ የተዋናዩ ፊት ልክ ይወሰዳል፤ እኛ ለጥርስ የምንጠቀምበት፣ ከውሃ ጋር ሲለወስ እንደ ገንፎ የሚሆነው ዱቄት ነው የሚለቀለቅበት። ሲረጋ ተላቆ ጄሶ ይፈስስበትና የተዋናዩ ፊት በጄሶ ይወጣል። በዚያ ላይ ሸንተረሩ በሸክላ ጭቃ ይቀረጻል፣ ከጭቃው ሻጋታ ይወጣል፣ ሻጋታው ውስጥ የላቴክስ አረፋ ገብቶ ምድጃ ውስጥ ይጋገራል። የሚወጣው ነገር እንደ ደረቀ ስፖንጅ ቀላል ነው፤ ጠርዙ ከሽንኩርት ልጣጭ ይሳሳል። በሙጫ ተለጥፎ ይቀባል። ማታ ሲላቀቅ ያ ስስ ጠርዝ ይቀደዳል፤ ስለዚህ ለነገ ሌላ መጋገር አለበት። ይህን ለአንድ ዎርፍ ማድረግ ይቻላል። በ1967 በየሳምንቱ አንድ ክፍል እያደረሱ ለአንድ ክፍለ ጦር ክሊንጎን ይህን ማድረግ ግን ዘበት ነበር። ሜካፕ ሠሪው ፍሬድ ፊሊፕስ ቀለምና ጺም መረጠ።

ቀለሙ ላይ ግን ቆም በሉ። የሚበዙት ነጭ ተዋንያን ፊታቸውን አጥቁረው፣ ጺማቸውን የምሥራቅ ሰው አስመስለው ጨካኝ ሲሆኑ ማየት ዛሬ ያሳክካል። ኮሊኮስ ራሱ በአእምሮው የነበረው ጄንጊስ ካን እንደሆነ ተናግሯል። «በጀት ነው» የሚለው መልስ ሸንተረሩ ለምን እንዳልነበረ ይነግረናል እንጂ ቀለሙ ለምን እንደነበረ አይነግረንም። ከሃያ ዓመት በኋላ የክሊንጎኖችን ክብር በጫንቃው የተሸከመው ጥቁር አሜሪካዊው ማይክል ዶርን መሆኑን እኔ በደስታ ነው የምቆጥረው። ወንድሜ «ነገር አታክብጂ» ይለኛል። አክብዳለሁ።

ባለ ድል ሆኖ ለመምጣት ለሚሻ አንድ ወጥመድ ልስጥ። «ሸንተረር እንደ ቤተሰብ ምልክት ነው፣ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል» የሚል ሰው ሲመጣ፣ የዎርፍን ግንባር የመጀመሪያው ምዕራፍና የሁለተኛው ምዕራፍ ላይ አስተያዩት። አንድ አይደለም። አባቱን ለወጠ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ከዚያ ፈገግታችሁን ዋጡ።

የ2017ቱን የዲስከቨሪ መልክ የሚጠላ ሰው ሲገጥማችሁ ማስረጃ አትደርድሩለት፤ የያዘው ሐዘን ነው። ቤቱ ሳይነግሩት የታደሰበት ሰው ነው። በ2019 ጠጉራቸው በቅሎ ሲመለሱ በጦርነቱ ጊዜ ተላጭተው ነበር ተባለ፤ በ2023 ስትሬንጅ ኒው ወርልድስ በተባለው ተከታታይ ላይ ሲታዩ ደግሞ ወደ ዎርፍ ዘመን መልክ ቀርበዋል። ይህን ንገሩትና ዝም በሉ። የእኔን አስተያየት ከጠየቃችሁኝ፣ ቅርጹ የባለሙያ ሥራ ነው፣ እጃቸውን አደንቃለሁ፤ ግን ፊቱ ከመክበዱ የተነሣ ተዋናዩ ከውስጥ የሚያለቅስ ይሁን የሚስቅ አይለይም።

ለነገሩ ሁሉም ግንባር ግንባር ይላል እንጂ ስለ ጥርስ የሚያነሣ የለም። በ1967 የኮር ጥርስ የተስተካከለ የሰው ጥርስ ነው። ኋላ የመጡት ብዙዎቹ ክሊንጎኖች ግን ጥርሳቸው የተሸራረፈና የተዛነፈ ነው። ጉንፋኑ ሸንተረሩን አጠፋ እንበል፤ የጥርስ ማስተካከያም ነበረው?

ይህን ያነሣሁት ባለፈው ወር የወንድሜ ልጅ ሥራ ቦታዬ መጥቶ ስለነበር ነው። ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። እንዳይሰለቸው ብዬ ቀይ ሰምና ትንሽ ቢላ ሰጠሁት። ግማሽ ሰዓት አቀርቅሮ ቆይቶ ስድስት የተጣመሙ የክሊንጎን የፊት ጥርሶች ቀርጾ አሳየኝ፤ ሁለተኛው ከግራ እንዲያውም ከእኔ ሥራ ይሻል ነበር። «ቫይረሱ ጥርሳቸውንም ነካው?» ብዬ ጠየቅኩት። ሰሙን በራሱ ጥርስ ላይ ገጥሞ፣ ቅንድቡን አከማችቶ፣ አባቱን በሚመስል ድምፅ «ከባዕድ ጋር አናወራም» አለኝ።